ሁከት ሳይመጣ ስለ መዘጋጀት

ሰላም ባለበት አገር የሚኖር ሰው ሰላሙን እንደ አየር ይቆጥረዋል፤ አየር ሳይታሰብ እንደሚተነፈስ ሁሉ ሰላምም ሳይታሰብ ይኖርበታልና። ገበያው ይውላል፥ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፥ ባለሱቁ በሩን ይከፍታል፥ ገበሬውም እህሉን ጭኖ ይመጣል። ዳሩ ግን በአንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰዓት ውስጥ፥ ይህ ሁሉ ይለወጣል። መንገዱ በጩኸት ይሞላል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይፈራል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጊዜው አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ይሆናል።

ስለዚህ ሰው ስለ ሁከት ሊማር የሚገባው በሰላም ቀን ነው። ዝግጅቱም ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የቤት ዝግጅት፥ ሁለተኛው የልብ ዝግጅት ነው። ቤቱን አዘጋጅቶ ልቡን ያላዘጋጀ ሰው እህሉ በጎተራ ሞልቶ ሳለ እግሩ ወደ ዘራፊዎች ይወስደዋል። ልቡን አዘጋጅቶ ቤቱን የረሳ ሰው ደግሞ ልጆቹ ውኃ በተጠሙ ጊዜ ሳይወድ ወደ አደጋው መንገድ ይወጣል። እንግዲህ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይገባል።

ሁከት ምን እንደ ሆነ

ሁከትና አቤቱታ አንድ አይደሉም። በደል የደረሰበት ሰው በደሉን ብቻውን ወይም ከብዙዎች ጋር ሆኖ መናገር ይገባዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ30ኛው አንቀጽ ሰዎች መሣሪያ ሳይዙ በሰላም እንዲሰበሰቡ፥ ሰልፍ እንዲወጡና አቤቱታ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሰልፍ ሁሉ ሁከት አይደለም፤ በሰልፍ የሚወጣም ሁሉ ሁከተኛ አይባልም። ሁከት የሚባለው ሕዝብ ማሰቡን ትቶ በቁጣ ብቻ ሲነዳ፥ እጁንም በሰው አካልና በሰው ገንዘብ ላይ ሲያነሣ ነው። ይሁን እንጂ በሰላም የተጀመረ ሰልፍ ከዚህም ሆነ ከዚያ ወገን በሚነሣ ክፉ ሥራ ወደ ሁከት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ለእውነተኛ ነገር የሚወጣ ሰው እንኳ ሳይዘጋጅ ሊወጣ አይገባውም።

በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ የሚገኘው የኤፌሶን ታሪክ ይህን ያስረዳል። ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ ይነግድ ነበር። የጳውሎስ ትምህርት ንግዱን እንደሚያጎድልበት ባየ ጊዜ የሙያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ አስቆጣቸው። ነገሩ የተጀመረው ስለ ገንዘብ ነበር፤ ወደ አደባባይ የወጣው ግን በአምልኮ ስም ነው። ከተማይቱም ተናወጠች። ሕዝቡ የጳውሎስን የመንገድ ጓደኞች ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን ይዞ ወደ ጨዋታው ስፍራ ሮጠ፤ በዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ጮኸ። ከተሰበሰቡትም ብዙዎቹ የመጡበትን ምክንያት እንኳ አልተረዱትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት አስተዋዮች ይገኛሉ። አንደኛው ጳውሎስ ነው። ጳውሎስ ፈሪ አልነበረም፤ ወደ ሕዝቡ ሊገባ አስቦ ነበር። ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ ከለከሉት፥ ከአገሩ አለቆችም ወዳጆቹ የሆኑት እንዳይገባ ልከው ለመኑት፤ እርሱም ሳይገባ ቀረ። በዚህ ጀግንነቱ አልጎደለም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ አገር ዞሮ አስተማረ። ሁለተኛው የከተማይቱ ጸሐፊ ነው። ሕዝቡን ጸጥ ካሰኘ በኋላ፥ ክስ ያለው ሰው ፍርድ ቤትና ዳኞች እንዳሉለት አስረድቶ በሰላም አሰናበታቸው። በዚያ ቀን የሞተ ሰው እንዳለ አልተጻፈም። እንግዲህ ወደ ጩኸት መሮጥ ጀግንነት እንዳይደለ፥ ጩኸትን የሚያበርድም የረጋ ቃል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም.

የኤፌሶን ሁከት በጥቂት ሰዓት በረደ። ለቀናት የማይበርድ ሁከትም አለ፤ ለዚህም የአዲስ አበባ ከተማ ምስክር ናት። ከማይጨው ጦርነት በኋላ የኢጣልያ ጦር ወደ ዋናይቱ ከተማ ሲገሰግስ፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የጠላት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ሥርዓት የሚያስከብርላት አጥታ ቆየች። በእነዚያ ቀናት ሱቆች ተሰበሩ፥ መጋዘኖች ተዘረፉ፥ ብዙ ቤቶችም ተቃጠሉ። በዝርፊያው ከገቡት ብዙዎቹ ጠመንጃ የያዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከዘረፉት መጠጥ ጠጥተው ሰክረው ነበር። ስለዚህ ጥይት ወደ ሰማይም ወደ ሰውም ይተኮስ ነበር፤ ዘራፊም በዘራፊ እጅ ሞተ። ኢትዮጵያውያንም ሆኑ የግሪክ፥ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች ለብዙ ዘመን የደከሙበት ገንዘብ በጥቂት ሰዓት ጠፋ።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ለጋሲዮን በከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ነበር። ሹሙ ሰር ሲድኒ ባርተን ክፉው ቀን ከመድረሱ ከወራት በፊት ተጨማሪ የሕንድ ወታደሮች እንዲመጡላቸው አድርገው ነበር። ስለዚህ ሁከቱ በተነሣ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር የሆኑ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች በግቢው ተጠልለው ዳኑ። ዝግጅቱ የተደረገው ብዙ ሰው አደጋውን ገና ባላየበት ጊዜ ነበር፤ ጥቅሙም ለጥቂቶች ብቻ ሳይሆን ለተሰደደ ሁሉ ሆነ።

የአሜሪካ ለጋሲዮን ግን ይህን ያህል ጠባቂ አልነበረውም። ዘራፊዎች በላዩ በተኮሱ ጊዜ ሹሙ ሚስተር ኮርኔሊየስ ኤንገርት ከእንግሊዝ ለጋሲዮን እርዳታ ሊጠይቁ ፈለጉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በመካከሉ ተኩስ ስለ ነበረ መልእክተኛ በደኅና ሊያልፍ አልቻለም። ስለዚህ ቃሉን በራዲዮ ወደ አሜሪካ ላኩት፤ ከአሜሪካ ወደ ሎንዶን ተላለፈ፤ ከሎንዶን ደግሞ አዲስ አበባ ወዳለው ወደ እንግሊዝ ለጋሲዮን ተመለሰ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር ቃላቸውን ባሕር አሻግረው ማዞር ግድ ሆነባቸው። በሁከት ቀን የቅርብ መንገድ ሩቅ እንደሚሆን ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ዶክተር ጆን ሜሊ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ለማከም የመጣ የሕክምና ቡድን አለቃ ነበሩ። ሚያዝያ 25 ቀን በመንገድ የወደቁትን ሊያነሡ ወጥተው ሳሉ አንድ የሰከረ ሰው በጥይት መታቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ሞቱ። እኚህ ሰው የወጡት ለማየት ወይም ለመውሰድ አልነበረም፤ የሰውን ሕይወት ለማዳን ነበር። ሞታቸውም ሁለት ነገር ያስተምራል፤ በሁከት ቀን መልካም ሥራ እንኳ ያለ አደጋ እንዳይደረግ፥ ያለ ምክንያት ወደ መንገድ የሚወጣም ሰው ነፍሱን በከንቱ እንደሚያስይዝ።

ዝርፊያውስ ዘራፊዎቹን ምን ጠቀማቸው? የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ከያዘ በኋላ የተዘረፈ ዕቃ በቤታቸው የተገኘባቸውን ሰዎች በጥይት ገደለ። በደስታ ወደ ቤት የገባ አንድ ጣቃ ጨርቅ የሞት ምስክር ሆነ። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ የሰውን አገር በግፍ የወረረው ጠላት ሥርዓት ለማስከበር እንደ ገባ አድርጎ ለዓለም እንዲናገር ምክንያት አገኘ። የከተማይቱ ሰው የገዛ ከተማውን ሲዘርፍ ለጠላቱ ሠራለት።

የቤት ዝግጅት

ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ ነው። ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን ይቆያል፤ ያለ ውኃ ግን ጥቂት ቀን ብቻ። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ 6 ነፍስ ያለበት ቤት ለ3 ቀን 72 ሊትር ያስፈልገዋል። ውኃው ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይለወጥ። ቀጥሎ ያለ እሳት የሚበላ ስንቅ ነው። ቆሎ፥ በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ አባቶች ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ የያዙት ስንቅ ነው፤ ለሁከትም ቀን ይሆናል። ጨው፥ ክብሪት፥ መብራት፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ ሕመምተኛም ባለበት ቤት ለብዙ ቀን የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ስፍራ ይቀመጥ።

የቤት፥ የመሬት፥ የልደትና የትምህርት ወረቀት ሁሉ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ አንድ ላይ ይቀመጥ። ቤት ቢቃጠል ሊሠራ ይችላል፤ የጠፋ ወረቀት ግን ብዙ ዘመን ያንከራትታል። ጥቂት ገንዘብም በእጅ ይኑር፤ በሁከት ቀን ባንክ ይዘጋልና።

ከዚህ ቀጥሎ ስምምነት ነው። ቤተ ሰቡ ተለያይቶ ሳለ ሁከት ቢነሣ ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ አስቀድሞ ይወሰን፤ ያ ስፍራ ቢዘጋም ሁለተኛ ስፍራ ይኑር። ልጆች የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም፥ የሰፈራቸውን ስም፥ የስልክ ቁጥራቸውንም በቃላቸው ይወቁ። በስልክ ብቻ መታመን አይገባም። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ በኢትዮጵያ ሁከት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት በመላው አገር ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቶ ነበር። ሚስተር ኤንገርት ራዲዮ ነበራቸው፤ ተራ ሰው ግን ያለው አስቀድሞ የተስማማበት ቃል ብቻ ነው።

በመጨረሻም ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የዚህም ቃል እውነትነት ከሁሉ ይልቅ በሁከት ቀን ይገለጣል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፥ ማየት የተሳነው፥ የምታጠባ እናት፥ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በሰፈሩ እንዳሉ ማወቅ፥ ማን ማንን እንደሚጠይቅም አስቀድሞ መደልደል ይገባል። ጎረቤቱን በእድርና በማኅበር የሚያውቅ ሰው ስለ እርሱ የሚነገረውን ክፉ ወሬ ቶሎ አያምንም፤ የማያውቅ ግን ያምናል። ስለዚህ ጉርብትና ራሱ አጥር ነው።

ሁከት በደረሰ ጊዜ

በቤት ያለ ሰው በቤቱ ይቆይ። በሩን ዘግቶ ከመስኮት ይራቅ። ተኩስ ቢሰማ ልጆቹን ይዞ በወለል ላይ ይተኛ፤ ከቆርቆሮና ከጣውላ ይልቅ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይከልላል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር እንደሚወርድና ሰው እንደሚገድል አይርሳ። «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ ደጅ መውጣት ብዙ ሰው ያጠፋ ልማድ ነው፤ ጥይት የተመልካችንና የሁከተኛን ደረት አይለይምና።

በመንገድ ሳለ ሁከት የደረሰበት ሰው ከሕዝቡ መካከል ቀስ ብሎ ወደ ዳር ይውጣ፤ ወደ ጎን መንገድ ገብቶም ይራቅ። በግንብና በሕዝብ መካከል፥ በገደልና በሕዝብ መካከል፥ በጠባብ በርም አጠገብ አይቁም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስድስትና ሰባት ሰው በቆመ ጊዜ ማንም በፈቃዱ መራመድ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ወንዝ ይወስደዋል። በእንዲህ ያለ መጨናነቅ ብዙ ሰው የሚሞተው ስለ ተረገጠ ብቻ አይደለም፤ ደረቱ ተጨንቆ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው። ስለዚህ ክንዶቹን በደረቱ ፊት አጥፎ ለሳንባው ስፍራ ያብጅ፤ ከሚገፋው ኃይል ጋር አይታገል፤ ግፊቱ ጋብ ባለ ቁጥር በአግድም ወደ ዳር ይራመድ። ጫማው ቢወልቅ፥ ነጠላው ቢወድቅ ለማንሣት አያጎንብስ። ሕፃን የያዘ ከፍ አድርጎ በደረቱ ይያዘው። የወደቀ ሰው መነሣት ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ይጠፍ፥ ራሱንም በእጁ ይሸፍን።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ የደረሰው ኀዘን የዚህን ነገር ክብደት ያሳያል። በበዓሉ ስፍራ የተቃውሞ ድምፅ ከተነሣ በኋላ አስለቃሽ ጢስ ተተኮሰ፥ የተኩስም ድምፅ ተሰማ፤ ሕዝቡም ደንግጦ በሸሸ ጊዜ ብዙዎች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ሞቱ። መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 55 ብሎ ነበር፤ ሌሎች ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ተናገሩ። ቁጥሩ ቢያከራክርም የብዙ ቤት መብራት በዚያ ቀን ጠፍቷል። ለበዓልም ሆነ ለሰልፍ ብዙ ሕዝብ ወዳለበት የሚሄድ ሰው ሲደርስ አስቀድሞ መውጫውን ይይ፤ ገደሉና ጉድጓዱ የት እንዳለም ይወቅ።

አስለቃሽ ጢስ ያገኘው ሰው ዓይኑን አይሸ፤ ማሸት ሕመሙን ያብሳልና። ነፋስ ወደሚመጣበትና ከፍ ወዳለ ስፍራ ይሂድ፤ ጢሱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። ዓይኑንና ፊቱን በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠብ፤ ልብሱንም ይለውጥ። ደም ለሚፈሰው ቁስለኛ ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አኑሮ በብርቱ መጫን፥ ደሙ እስኪቆምም እጅን አለማንሣት ከሁሉ የሚቀድም እርዳታ ነው።

የልብ ዝግጅት

የሁከት እንጨት ቁጣ ነው፤ የሚያቀጣጥለው እሳት ግን ወሬ ነው። በዱሮ ዘመን ወሬ በእግረኛ ይሄድ ነበርና ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እስኪደርስ ቀን ይፈጅ ነበር፤ በመካከሉም ቁጣ ይበርድ ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ተጽፎ በአንድ ደቂቃ ለብዙ ሺህ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው «እገሌን እነ እገሌ ገደሉት» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ያየው ማን ነው? መቼና የት ሆነ? ይህን ብነግር ማን ይጠቀማል፥ ማንስ ይሞታል? ለሦስቱ መልስ ያላገኘለትን ነገር በአፉም በእጁም አያስተላልፍም። ያልተናገሩት ቃል ማንንም አልገደለም።

ሁለተኛው ፈተና የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። የተሰበረ ሱቅ ሲያይ «እኔ ባልወስደው ሌላ ይወስደዋል» የሚል አሳብ በሰው ልብ ይነሣል። ይህ አሳብ የማያታልለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ባለሱቁ በሩ ስለ ተሰበረ ባለቤትነቱ አልተሰበረም፤ ዳኛ ስለ ጠፋም ሕግ አልጠፋም። ሰው በሰላም ቀን የማይሰርቀው ዘበኛውን ፈርቶ ከሆነ፥ ያን ጊዜም ሌባ ነበር፤ ጊዜ አላገኘም ነበር እንጂ። ሁከት ሰውን አዲስ አያደርገውም፤ በውስጡ የነበረውን ያወጣዋል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀድመው ይምከሩ፤ በሁከት ቀን ወደ ቤት የገባ የሰው ዕቃ ለቤቱ ሲሳይ ሳይሆን እሳት እንደ ሆነ ይንገሯቸው።

ሦስተኛው ፈተና ዝም ብሎ ማየት ነው። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው በሩ በሚንኳኳበት ጊዜ ምን ያደርጋል? የሚያሳድዱት ጎረቤት፥ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ የሚለይ ቢሆን እንኳ፥ በደጁ ቢቆም ያስገባዋልን? ይህን ጥያቄ በዚያች ደቂቃ የሚያስብ ሰው ፍርሃት ይመልስለታል። በሰላም ቀን አስቦ የወሰነ ግን እጁ ሳይንቀጠቀጥ መወርወሪያውን ይከፍታል። የተቀመጠው ውኃና ስንቅ ለራስ ብቻ ከሆነ የአንድ ቤት ሰዎችን ያቆያል፤ ለተሰደደ ከተካፈለ ግን ሰፈርን ያድናል።

እንግዲህ ክፉ ቀን አይመጣም ማለት ሞኝነት ነው፤ ሁልጊዜ ክፉ ቀንን እየፈሩ መኖርም ድካም ነው። ከሁለቱ የሚሻለው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሥራን በጸጥታ መሥራት ነው። እንስራው ሞልቶ፥ ወረቀቱ ተሰብስቦ፥ ልጁ መገናኛውን አውቆ፥ ጎረቤቱም በፍቅር ተይዞ ሳለ ሁከት ቢመጣ ቤቱን ያናውጠው ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን ወደ ዘራፊነትና ወደ ገዳይነት አይለውጠውም። ሁከቱም ባይመጣ የተሞላው ውኃ ይጠጣል፥ የተቋጠረው ስንቅ ይበላል፥ የተወደደውም ጎረቤት ወዳጅ ሆኖ ይኖራል። ከዚህ ዝግጅት በከንቱ የሚቀር ነገር የለም።

ጥያቄዎች

1. አቤቱታ ከሁከት በምን ይለያል?
2. ጳውሎስ በኤፌሶን ወደ ሕዝቡ አለመግባቱ ፈሪነት ያልሆነው ስለ ምንድር ነው?
3. ከአሜሪካ ለጋሲዮን የተላከው መልእክት የዞረበት መንገድ ለአንድ ቤተ ሰብ ምን ያስተምራል?
4. በቤትህ ስንት ሰዎች አሉ? ለ3 ቀን ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልጋቸዋል?
5. «ሁከት ሰውን አዲስ አያደርገውም» የተባለው ምን ማለት ነው?